መርዶ ያልደረሰበት ቤት

በእኛ ሙያ አንድ ቤት ጸድቷል የሚባለው፣ «አህያ ልገዛ ነው» ብለህ ሦስት ጊዜ ጮክ ብለህ ተናግረህ፣ አንድ ሰዓት ጠብቀህ፣ ማንም አህያ ሊሸጥልህ ካልመጣ ነው። አህያ የተመረጠችው ደብረ ብርሃን ውስጥ አህያ የገዛ ሰው ከታየ ሠላሳ ዓመት ስላለፈው ነው። ጫማ ብትል ጫማ ሳትጠራውም ይመጣል። አልጋ ብትል አልጋ ይመጣል። አህያ ግን ካልሰሙህ አይመጣም። ቤቱ ካልጸዳ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማድቤቱ ግድግዳ ላይ «የጭነት ገመድ በቅናሽ» የሚል ማስታወቂያ ይበራልሃል። አንዴማ አንድ ደንበኛ ቤት ሁለት ጆንያ ገለባ በር ድረስ መጣልን።

ውዳሴ እባላለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሃያ ሁለቱን ዓመት ከሰው ቤት ኮምፒውተር ጆሮ ጠቢ ሳወጣ ኖሬያለሁ። ጆሮ ጠቢ ማለት ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰምቶ ለነጋዴ የሚሸጥ ፕሮግራም ነው። ስሙን ያወጣለት ሕዝቡ ነው፤ የሠራው ኩባንያማ «የቤት አጋዥ» ነው የሚለው። አጋዥ! ሲያግዙህ እንዲህ ከሆነ ጠላትማ ምን ሊያደርግህ ነው?

ሰው ለምዶታል። በየቤቱ ደጃፍ ክዳን ያለው የአሉሚኒየም ድስት ተቀምጧል፤ እንግዳ ሲመጣ ጫማውን ከማውለቁ በፊት ስልኩን ድስቱ ውስጥ ይከታል። ባልና ሚስት ለመጣላት ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። የንስሐ አባቶች ንስሐ የሚቀበሉት ከከተማ ወጣ ብለው፣ ገብስ ማሳ መሃል ቆመው ነው። አምና አንዲት ደንበኛዬ ማርገዟን ከባሏ በፊት፣ ከራሷም በፊት ማድቤቷ ነገራት፤ የሕፃን አልጋ አሳያት። እልል አለች፣ እውነቴን ነው። ለምዶታል የምለው ይሄን ነው።

ያልለመድነው መርዶን ብቻ ነው። ዘመድ የሞተበት ሰው መሞቱን የሚሰማው ከሰው አፍ ነው። ማልዶ፣ እህል ሳይቀምስ፣ የሚወዳቸው ሰዎች ግራና ቀኙን ይዘውት፣ ሽማግሌ ቀስ አድርጎ ይነግረዋል። እስከዚያ ድረስ በዚያ ቤት አይለቀስም። አገር ምድሩ ቢያውቅ እንኳ ባለቤቱ ሳይነገረው ማንም ድምፁን አያሰማም። ሳምንት ይደበቃል፣ ሁለት ሳምንት ይደበቃል፣ የታመመ ከሆነ ወርም ይደበቃል። አንዳንድ ሰው ይሄን ሲሰማ ውሸት ነው ይላል። ይበል።

ሐመልማል ሱቄ የመጣችው በየካቲት ወር፣ ዓርብ ረፋዱ ላይ፣ በእግሯ ነው። ጽዳት ፈልጎ ስልክ የሚደውልልኝ ሰው የለም፤ ከደወለ ጆሮ ጠቢው ቀድሞ ይሰማና ተሸሽጎ ይጠብቀኛል። ሐመልማል አርባ ዓመት ያለፋት፣ ቀጠን ያለች የሒሳብ መምህርት ናት። ስልኳን ድስቴ ውስጥ ከተተች፣ ክዳኑን ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገችና ተቀመጠች።

«ወንድሜ ሞቷል» አለችኝ። «እናቴ አታውቅም።»

«ነፍስ ይማር። መቼ ነው?»

«ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ።»

ወንድሟ ኢዮስያስ ሰመራ፣ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ይሠራ ነበር። ምን ሆኖ እንደሞተ አላወቀችም፤ ወድቆ ነው የሚልም አለ፣ ሙቀቱ ነው የሚልም አለ። የእናቷ ታናሽ ወንድም ጋሽ ናታን ወርዶ እዚያው ቀብሮታል። እናትየዋ እማማ ሶልያና ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በጥር ልባቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገዋል። ሐኪሙ «ድንገተኛ ነገር እንዳያገኛቸው» ብሏል። ስለዚህ ዘመድ ተመካከረ። እሑድ ንጋት ላይ ጋሽ ናታን ከሰመራ፣ እህታቸው ከመሃል ሜዳ መጥተው፣ የንስሐ አባታቸውም ተገኝተው፣ ነርስ ደጅ ቆማ መርዶው ይነገራል። እስከዚያው ኢዮስያስ «ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ተልኳል» ተብሏል።

«ታዲያ ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ማክሰኞ ለት ማድቤታችን ጥቁር ቀሚስ አሳየ። በእማዬ ልክ።»

ረቡዕ ድንኳንና ወንበር። ሐሙስ የአርባ ዝክር ማዘዣ። ሐመልማል ግድግዳው ላይ አንሶላ ሰቀለችበት፤ ድምፁን ዘጋችው። አሮጊቷ «ማን ሞቶ ነው ይሄ ሁሉ?» ብለው ጠይቀዋል፤ ማስታወቂያ ነው፣ ለሁሉም ቤት ነው ብላ አለፈችው። ዓርብ ጠዋት ደግሞ የእናቷን የመድኃኒት ሳጥን ስትከፍት፣ በክዳኑ ትንሽ መስታወት ላይ የመቃብር ድንጋይ አየች። ስም ይጻፍበታል፣ ፎቶ ይለጠፍበታል ይላል።

«ቤት ውስጥ አውርታችኋል» አልኳት። መቆጣቴ አልቀረም።

«አንዲት ቃል አልተነፈስንም! እኔ እንኳ አላለቀስኩም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አላለቀስኩም እኮ።» እጇን ጉልበቷ ላይ ጭና ነበር የምታወራው። «ሐሙስ ሐሙስ ማታ ለኢዮስያስ እደውልለት ነበር። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ አልደወልኩም። ሌላ ምንም አላደረግኩም።»

ለጆሮ ጠቢው ይሄ ይበቃዋል። እህት መደወል ስታቆም፣ ማታ ማታ ደጋግማ ስትነሳ፣ ስታጥብ ማንጎራጎር ስትተው ይሰማል። ቃል አያስፈልገውም። ይሄን አልነገርኳትም፤ ምን ይጠቅማታል? ኮምፒውተሩን ነቅሎ መጣልም አይሆንም። በሩን የሚከፍተው እሱ ነው፣ ቤቱን የሚያሞቀው እሱ ነው፣ የአሮጊቷን ልብ እየለካ መድኃኒት የሚመጥነውም እሱ ነው። ማውጣት ያለብኝ ሌላውን ሳልነካ ነው።

«ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ» አልኳት። «አጎትሽ፣ አክስትሽ፣ ቄሱ፣ ሁሉም እስከ እሑድ ጠዋት ስልካቸውን ያጥፉ። ከእነሱ አንዱ ጋ ቢደወል ጆሮ ጠቢው ከእናትሽ ቤት ጋር ያያይዘዋል።»

«ዛሬውኑ በሰው እልካለሁ። ይሳካል ግን?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሳካልኝ ነበር» አልኳት። ጉራ ሲያምርብኝ!

ቤታቸው አሮጌ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። እማማ ሶልያና ሕፃን ሳሉ የተሠራ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከግድግዳው ወዲህ ሆነህ ይማርህ የምትልበት ቤት። ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ በሩን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። አጭር፣ ቀይ፣ ሹራባቸው ላይ ሹራብ የደረቡ። የመስሚያ መሣሪያቸውን ጆሯቸው ላይ እያስተካከሉ ከእግር እስከ ራስ ገረመሙኝ።

«አጽጂዋ አንቺ ነሽ? እኔ ጎረምሳ ነገር ይመጣል ብዬ።»

«ጎረምሶቹ የኔን ያህል አይችሉም፣ እማማ።»

«ኧረ እንዲያ በይ!» ብለው ሳቁ። «ግቢ፣ ግቢ። ስልክሽን ከድስቱ ክተቺ። በሽታው እኮ ከእኔ ነው የመጣው አሉ። በካርዱ።»

እውነታቸውን ነው። ጆሮ ጠቢ እዚህ አገር ቤት የሚገባው በእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ነው። ሌላ አገር እንዴት እንደሚገባ አላውቅም። እዚህ ግን ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለየወሩ ሚካኤል አበባና ድምፅ ያለው ካርድ ይላካል፤ ሰውም ይከፍታል። አለመክፈት ነውር ነው። መቶ ጊዜ አትክፈቱ ብያለሁ።

«ሰው እንኳን አደረሰሽ ሲለኝ ዘግቼ ልቀመጥ?» አሉኝ እማማ ሶልያና። «ምን ሆኜ? ተጣልቼ?»

እኔም የእናቴን ካርድ ከፍቻለሁ።

ሥራዬን ጀመርኩ። መጀመሪያ መስመሩን መቁረጥ ነው፤ ከውጭ ጋር የሚያገናኘውን ሁሉ። ቀጥሎ የሚያስፈልገውን በእጅ ወረቀት ላይ መገልበጥ። በእጅ ነው የምልህ! በማሽን የተገለበጠ ነገር ጆሮ ጠቢውን ይዞ ይወጣል። የእማማ ሶልያናን የመድኃኒት መጠን፣ የልባቸውን ቁጥር፣ የክሊኒኩን አድራሻ፣ አሥራ ሦስት ገጽ ሐመልማል እያነበበችልኝ ጻፍኩ፤ ከዚያ እኔ አነበብኩላት፣ እሷ አረጋገጠች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ አንዲት ቁጥር ብትሳሳት ሰው ይሞታል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን ባዶ ማድረግ፣ አንገቴ ላይ ካንጠለጠልኩት ንጹሕ ዲስክ እንደገና መጫን፣ የይለፍ ቃሉን ሁሉ መቀየር።

ባዶ ከማድረጌ በፊት የሚጠፋውን ለባለቤቱ ማሳየት ደንብ ነው። ካርዶቹን ዘረዘርኳቸው፤ አራት መቶ ምናምን ናቸው። ድምፅ ያለበት አንድም አይተርፍም፤ ጆሮ ጠቢው የሚኖረው ድምፁ ውስጥ ነው። እማማ ሶልያና መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ተቀመጡና በጣታቸው እየጠቆሙ አለፉ። ይሄ የእድሩ ጸሐፊ ነው፣ ይጥፋ። ይቺ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ነፍሷን ይማረው፣ ትጥፋ። ከዚያ ለጥምቀት የተላከ አንድ ካርድ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይሄ የኢዮስያስዬ ነው» አሉ። «ክፈቺልኝማ አንዴ።»

ሐመልማል ከኋላችን ቆማለች። ዞር ብዬ አላየኋትም። ከፈትኩት።

«እማዬ፣ እንኳን ለጥምቀት አደረሰሽ» አለ አንድ ደከም ያለ የወንድ ድምፅ። ነፋስ አለበት። «ጉንፋን ይዞኛል፣ ድምፄን አትስሚ። ሹራብ ደርቢ። ለፋሲካ እመጣለሁ።»

አሮጊቷ ሳቁ። «እዚያ እሳት ውስጥ ተቀምጦ ሹራብ ደርቢ ይለኛል። ሰመራ ላይ ጉንፋን! የኔ ልጅ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው።»

«እማማ፣ ይሄንን...» አልኩ። ማትረፍ እችል ነበር ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ አልችልም። ማጥፋቱን የይሁዳን ያህል ብጠላውም ማስቀረትን ሙያው አይፈቅድም። አንድ ድምፅ ከቀረ ጽዳቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የመቃብር ድንጋዩ እንደገና ይመጣል፣ ያውም ድምፁ ተከፍቶ።

«አጥፊው» አሉኝ። «ምን ያሳስብሻል? ልጄ እንደሆነ አለ። ለፋሲካ ሌላ ይልክልኛል።»

ከኋላዬ ሐመልማል ወደ ማድቤት ስትገባ የነጠላ ጫማዋን ኮቴ ሰማሁ። የውሃ ቧንቧ ተከፈተ፣ ቆየ፣ ተዘጋ። ተመልሳ መጣች። ፊቷ ደረቅ ነበር። እኔ ብሆን አልችለውም፤ ቤቱን በሙሉ አፈርሰው ነበር። ጣቴን አሳረፍኩና ካርዶቹ ሄዱ።

አምስት ሰዓት ላይ ጨረስኩ። መስመሩን መልሼ ቀጠልኩና ሳሎን መሃል ቆሜ፣ «አህያ ልገዛ ነው!» አልኩ።

እማማ ሶልያና ቀና አሉ። «ምን?»

«አህያ ልገዛ ነው፣ እማማ! ጠንካራ አህያ!»

«አበድሽ እንዴ? የት ልታኖሪያት?»

«ሱቄ ውስጥ!»

«ኧረ ወዲያ! ሽንቷንስ?» ነገሩ ገባቸውና ዓይናቸው በራ። «ሴት አህያ ግዢ። ወንዱ ይራገጣል። አያቴ ይነግረኝ ነበር፣ ነጭ ሆድ ያላት ናት የምትሻለው። አንቺ ሐመልማል፣ አህያ እንግዛ እንዴ? ኢዮስያስ ሲመጣ ከመናኸሪያ ሻንጣውን ጭናለት ትመጣለች!»

ሐመልማል ሳቀች። እንዴት እንደሳቀች እግዜር ይወቅ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ አህያ አወራን፤ ስለ ጭነቷ፣ ስለ ገለባዋ፣ ስለ ስሟ። ግድግዳው ነጭ እንደሆነ ቀረ። የመድኃኒት ሳጥኑ ክዳን ላይ ሰዓትና የልባቸው ምት ብቻ ይታያል። ምንም አልመጣም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያቺ ቤት ንጹሕ ነበረች፤ እስከ ዛሬም በዚህ እምላለሁ።

እማማ ሶልያና ምሳቸውን ቀምሰው፣ የመስሚያ መሣሪያቸውን አውልቀው ራስጌ አስቀምጠው ጋደም አሉ። ያለ እሱ መድፍ ቢተኮስም አይሰሙም። እኔ ማድቤት ውስጥ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነበር። ሐመልማል በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ። ጸድቷል።»

«አሁን የሚሰማኝ የለም?»

«ማንም የለም።»

«እማዬም ተኝታለች።»

«ተኝተዋል» አልኩ። ፊቷን አየሁት። አሥር ቀን የተያዘ ፊት ነው። አሳዘነችኝ። ደግሞም ኮራሁ፣ ልዋሽህ አልፈልግም፤ በሠራሁት ሥራ ኮራሁ። «ግቢና አልቅሺ፣ እህቴ» አልኳት። «ይውጣልሽ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።»

እኔ ነኝ ያልኳት።

ወደ ትንሿ መኝታ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋች። መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ትራስ ውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ትራሱ አልበቃትም። «ወንድሜን! ኢዮስያስዬ! ድምፅህን እንኳ! ድምፅህን እንኳ አጠፋሁት!» እያለች አነባች። ግድግዳውን ስትመታ ይሰማኛል። እኔም ማድቤት ቆሜ አብሬ አለቀስኩ። እሱን አላውቀውም። ያወቅኩት የጉንፋን ድምፁን ብቻ ነው።

ያን ግድግዳ አላሰብኩትም። ከግድግዳው ወዲያ የእትዬ ማክዳ ቤት ነው፤ መልካም ጎረቤት ናቸው፣ አሮጊቷ ሆስፒታል ሳሉ ሾርባ ሲያመላልሱ የከረሙ። የእሳቸው ቤት ኮምፒውተር ጸድቶ አያውቅም። ከታችም ያለው አልጸዳም፣ ከላይም። በዚያ ሕንፃ የጸዳ አንድ ቤት ብቻ ነበር፣ እሱም የእኔ ሥራ ነው። ጆሮ ጠቢ ደግሞ ለሐዘንተኛው ቤት ሐዘኑን ገና ሲጠረጥር መሸጥ ይጀምራል፤ ለጎረቤት የሚሸጠው ግን ለቅሶ ሲሰማ ብቻ ነው። ለቅሶ ከተሰማ መርዶ ተነግሯል ማለት ነው። ደንቡን የተማረው ከእኛው ነው።

በኋላ እንዳየሁት ብሎኩ ውስጥ ባለ ማድቤት ሁሉ አንድ ጽሑፍ ነው የወጣው። «ሐዘን በሰፈርዎ፦ አራተኛ ፎቅ፣ የወይዘሮ ሶልያና ልጅ ኢዮስያስ። ወንበርና ድንኳን ዛሬ ካዘዙ በነጻ እናደርሳለን።»

ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀው። መጀመሪያ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ፤ የብዙ ሰው፣ የሚሮጥ። ከዚያ ዋይታው መጣ። እኛ ለቅሶ ቤት ዝም ብለን አንገባም፤ ከታች ጀምረን እየጮህን ነው የምንወጣው፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳልሆነ እንዲሰማው። በሩ ላይ ደርሼ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ከፊት እትዬ ማክዳ ነበሩ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ። ከኋላቸው ደረጃው ሙሉ ሰው።

«አልተነገራቸውም!» አልኩ። «እባካችሁ! መርዶ አልተነገራቸውም!»

በዚያ ጩኸት ማን ይስማኝ። የፊተኞቹ ሁለት ሦስቱ ሰሙና ደነገጡ፤ የኋለኞቹ ግን እየገፉ ነው፣ እያለቀሱ ነው። ለመመለስ እንኳ ቦታ የለም። «ዝም በሉ!» ብል ለቅሶ ደራሽን ዝም በል የሚል ሰው የት ያውቃሉ? እብድ መሰልኳቸው። አንዲት ሴት አቀፈችኝና፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አለችኝ።

ከዚያ ሰዎቹ ከእኔ አልፈው ማየት ጀመሩ።

ዞርኩ። እማማ ሶልያና ከመኝታ ቤት ወጥተው ቆመዋል። የሚጮኸውን ሰምተው አይደለም፤ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ነው የነቁት። የመስሚያ መሣሪያቸውን አላደረጉም። ባዶ እግራቸውን ናቸው። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ፣ የእትዬ ማክዳን እንባ አዩ፣ ፊታቸው ተለወጠ። እኔን በክንዳቸው ገለል አደረጉኝና ፈጥነው ሄደው እትዬ ማክዳን አቀፉ።

«ውይ የኔ ልጅ!» አሏቸው። «ውይ በሞትኩት! ማን ሞቶብሽ ነው?»

እትዬ ማክዳ እንደ ግንድ ደረቁ። ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ፣ ሰው በሰው፣ ደረጃውን እየወረደ ጸጥ አለ። እማማ ሶልያና ጸጥታውን አልሰሙትም፤ የእትዬ ማክዳን ጀርባ ይደባብሳሉ። «እግዜር ያጽናሽ። ግቢ፣ ተቀመጪ። ማነው? ባልሽ ነው?»

የእትዬ ማክዳ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳሉ እኔም አልሰማሁም።

«አልሰማሁሽም፣ ጆሮዬን አላደረግኩም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለች? ማነው የሞተው?»

ሐመልማል ከትንሿ ክፍል ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋለች። ዓይኗ አብጧል። እማማ ሶልያና እሷን አዩ። ከዚያ በሩ ላይ የቆመውን ሰው በሙሉ አዩ፤ ሁሉም እሳቸውን ነው የሚያየው። ቀስ ብለው ከእትዬ ማክዳ ላይ እጃቸውን አነሡ።

«አንቺ አጽጂ» አሉኝ፣ «ማነው?»

እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ቀስ ብሎ ይናገረዋል። ከዘመድ ጀምሮ፣ ከእግዜር ሥራ ጀምሮ፣ ዞሮ ዞሮ ነው የሚደርስበት። እኔ ግን ጆሯቸው ላይ አፌን አስጠግቼ መጮህ ነበረብኝ፤ አለዚያ አይሰሙም። «ኢዮስያስ ነው» ብዬ ጮህኩ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ እንደ ገበያ ጥሪ ጮህኩት።

እማማ ሶልያና አላለቀሱም። ወንበር አቀረብንላቸው፤ አልፈለጉም፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሐመልማል ሄዳ እግራቸው ሥር ተደፋች። እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ፣ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው። መርዶውን የነገርኳቸው ሁሉን አውቄ ነው ብለው ነው የሚያስቡት፤ መርዶ ነጋሪ ሁሉን ጠይቆ፣ አጣርቶ ነው የሚመጣው።

«መቼ?» አሉኝ።

«አሥር ቀኑ!»

«አሥር ቀን? አሥር ቀን ስበላ ስጠጣ?» አሉ። «ማን አጠገቡ ነበር? ውሃ የሰጠው ሰው አለ?»

የሚያውቀው ጋሽ ናታን ነው። ጋሽ ናታን መንገድ ላይ ነው፤ ስልኩን አጥፍቷል። አጥፋ ያልኩት እኔ ነኝ። ሐመልማልን አየኋት፤ ራሷን ነቀነቀች፤ አታውቅም። በሩ ላይ የቆሙትን አየሁ፤ እነሱም ከማድቤታቸው ግድግዳ ካነበቡት በቀር የሚያውቁት የለም።

«ተሰቃየ ወይ?» አሉኝ። «ዝም አትበይኝ። ጠርቶኛል ወይ?»

«አላውቅም፣ እማማ» ብዬ ጆሯቸው ላይ ጮህኩ።

እጃቸውን አገጬ ላይ አሳረፉና ፊቴን ወደ ፊታቸው አዞሩት፤ ከንፈሬን ሊያዩት ነው።

«ምን አልሽ?» አሉኝ። «ድገሚልኝ።»